ጽዋው ተቀባይ ያጣበት ምሽት፦ የአንድ ማኅበር የጉዳይ ጥናት

ጥቅምት 12 ማታ ነው። ጸሎቱ አልቋል። ዳቦው ተቆርሷል፣ ጠላው ዞሯል፣ ሰው ሁሉ ጠግቧል። የዕለቱ ደጋሽ ጽዋውን በነጭ ነጠላ እንደተሸፈነ ይዛ ተነሳች። እልልታው ገና ከመነሳቷ ጀመረ። የቀጣዩ ወር ተረኛ በሩ አጠገብ፣ የሰው ጫማ ከተደረደረበት ጎን፣ ዱካ ላይ ተቀምጣለች። እጇን ትዘረጋለች ብለን ስንጠብቅ ሁለቱንም እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች።

«ይቅርታ አድርጉልኝ። እኔ አልቀበልም» አለች።

ድምፅዋ በደንብ እንኳን አልተሰማም። እልልታው ግን መሃል ላይ ቀጥ አለ። ደጋሿ ጽዋውን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ማስቀመጥም አልቻለች፣ መመለስም አልቻለች።

ማኅበር ለሚጠጣ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ መንገር አያስፈልግም። ጽዋ ተለምኖ የሚገባ ነገር ነው። ተራ አልደርስ ብሎት የሚያዝን ሰው አይቻለሁ። ሲሰጡት እምቢ ያለ ሰው ግን በሕይወቴ አይቼ አላውቅም ነበር።

እኔ የማኅበሩ ጸሐፊ ነኝ። የመዋጮው፣ የቀሪውና የቅጣቱ መዝገብ በእኔ እጅ ነው። ከዚያ ምሽት ጀምሮ እስከ ሰኔ 12 የሆነውን እዚህ እጽፋለሁ። ስም አልጠራም፣ ቤተ ክርስቲያናችንንም አልጠቅስም። ጽዋውን እምቢ ያለችውን እህት «እትዬ» እያልኩ ነው የምጽፈው፤ ሰፈር ውስጥም የምንጠራት እንዲሁ ነው። ታሪኩን እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች። «ለሌላ ሰው የሚጠቅም ከሆነ ጻፊው» ነው ያለችኝ።

ያለነው አዲስ አበባ ምሥራቅ ዳር፣ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ከመገናኛ ታክሲ ይዞ በአያትና በጣፎ በኩል የሚመጣ ሰው ያውቀዋል። እዚህ ጎረቤትህን የሚመርጥልህ ዕጣ ነው። በ1997 ዓ.ም ተመዝግቦ ዓመታት የጠበቀ ሰው ስሙ ሲወጣለት ዕቃውን ጭኖ መጣ። ከዕጣው 30 በመቶው ለሴቶች፣ 20 በመቶው ለመንግሥት ሠራተኞች የተያዘ ስለነበር አንድ ደረጃ ላይ ብዙ ዓይነት ሰው ይገጥማል። ብቻዋን ልጆች የምታሳድግ እናት፣ ጡረታ የወጣ መምህር፣ ከመርካቶ ተከራይቶ የመጣ ነጋዴ። በአንድ በር ይወጣሉ፣ በአንድ በር ይገባሉ። የአንዱን እናት ሌላው አያውቅም።

ድሮ መሃል ከተማ እያለን ማኅበር የሚወረስ ነገር ነበር። እናት ስታርፍ ልጅ ጽዋውን ይረከባል። ማን ዝምተኛ እንደሆነ፣ ማን ቶሎ እንደሚቆጣ፣ ማን ቀልድ እንደማይወድ ሁሉም ያውቃል። ስለሚያውቅም ያልፈዋል። «እሷ ድሮም እንዲህ ናት» ይባላል፣ በቃ። አዲስ ሰፈር ውስጥ የሚጎድለው ይሄ «ድሮም እንዲህ ናት» የሚለው ነገር ነው። የሰውን ጠባይ የሚያስረዳልህ የለም። ስለዚህ ዝምታውን ኩራት ትለዋለህ፣ ልግስናውን ታይታ፣ ጥብቅነቱን ክፋት።

ቤተ ክርስቲያናችን እኛ ስንመጣ ገና መቃኞ፣ ማለትም ጊዜያዊ፣ ነበር። ቆርቆሮ ግድግዳ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ። ሚካኤል ሚካኤል ቀን ከቅዳሴ በኋላ ግቢው ውስጥ መተያየት ጀመርን። ከዚያ 24 ሆነን የቅዱስ ሚካኤልን ማኅበር መሠረትን። በወር አንድ ሰው ይደግሳል፤ ስለዚህ ተራ በሁለት ዓመት አንዴ ይደርሳል። ሙሴ፣ ማለትም የማኅበሩ መሪ፣ ብለን የመረጥናቸው ጡረተኛ መምህር ናቸው። ሁላችንም «ጋሼ» እንላቸዋለን። ከአባላቱ መካከል ኮንዶሚኒየሙ ከመሠራቱ በፊት እዚሁ ሲያርሱ የኖሩ አንድ እናትም አሉ። «እማማ» ነው የምንላቸው። አማርኛ ይሰማሉ፣ ሲጸልዩ ግን በኦሮምኛ ነው። ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ቤቶቹ ደግሞ አራት ፎቅ ናቸው፣ ሊፍት የላቸውም።

አንድ ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ አለ። ሳቁ ከታች ይሰማል፣ እጁ የማይጨበጥ ለጋስ ነው። አንድ ወጣት ሹፌር አለ። ታክሲ ይነዳል፣ ሁሌ አርፍዶ ይመጣል፣ ጠላ አይጠጣም። እትዬ አለች። እንጀራ ጋግራ ለሱቆች ታስረክባለች። ሌሎቹንም ብዘረዝር ደስ ይለኝ ነበር፤ ጉዳዩ የዞረው ግን በእነዚህ ሰዎች ዙሪያ ነው።

ስንጀምር ደንባችን ቀላል ነበር። አንድ ድፎ ዳቦ፣ አንድ ጀሪካን ጠላ፣ ቆሎ፣ አንድ ወጥ። ደጋሹ መጨረሻ ላይ ተነስቶ የተሰማውን ይናገራል፣ ያመሰግናል፣ ጽዋውን ያስረክባል። ያለፈቃድ የቀረ ይቀጣል። ሦስት ጊዜ በተከታታይ የቀረ ከማኅበሩ ይወጣል። ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሁሉም ላይ እኩል ይሠራል ብዬ በደንቡ እመካ ነበር።

ከዚያ ድግሱ ማደግ ጀመረ። ነጋዴው ተራው ሲደርስ ዶሮ አሠራ። የሚቀጥለው አንሶ ላለመታየት ዶሮም ክትፎም አደረገ። ለስላሳው በሳጥን ሆነ። የማኅበርተኛ ዘመድና ጓደኛ መምጣት ጀመረ። ኅዳር 12 ደግሞ ዓመታዊው በዓል ነው። ከሦስት ቀን በኋላ የነቢያት ጾም ስለሚገባ ሰው ሁሉ ከመጾሙ በፊት አንዴ ልብላ ብሎ ይመጣል። የኅዳር ተረኛ ማለት ሃምሳ ሰው አስተናጋጅ ማለት ሆነ። እትዬ እምቢ ያለችው ይሄንን ተራ ነው።

የመጀመሪያው ግምታችን ገንዘብ ነበር። ማንም ሌላ ነገር አላሰበም። «እንጀራ ሸጣ ነው የምትኖረው፣ ከየት ታምጣው?» ተባባልን። በሳምንቱ 10 ሺህ ብር ተዋጣ። እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ ነጋዴው ፖስታውን ይዞ፣ አምስት ስድስት ሰው በቆመበት፣ «እትዬ፣ ብር አያስጨንቅሽ፣ እኛ አለንልሽ» አላት። ከልቡ ነው ያለው። ሰውየው ለሰው ሲሰጥ ፊቱ ይበራል።

እትዬ ፖስታውን አየችው። ከዚያ እሱን አየችው።

«ብር ጎደለኝ ያልኩት መቼ ነው?»

ሌላ ቃል አልጨመረችም። ነጠላዋን አስተካክላ ሄደች። በኋላ ነው የሰማሁት፤ ለካ የቤቱን የባንክ ዕዳ ከብዙዎቻችን ቀድማ ከፍላ ጨርሳለች። የኅዳርን ማኅበር ጋሼ በእሷ ፈንታ ደገሱ። እሷ አልመጣችም። ታኅሣሥም አልመጣችም። ጥርም አልመጣችም።

በእነዚያ ሦስት ወራት ማኅበሩ ለሁለት ሊሰነጠቅ ምንም አልቀረውም። ጋሼ «ደንብ ደንብ ነው፤ ለአንዷ ካላላነው ለሁሉም ላልቶ ይቀራል» አሉ። ወጣቶቹ ደንቡ ይቀየር አሉ። አንዳንድ ሴቶች «ኩራት ነው፣ እኛን ንቃ ነው» አሉ። የማኅበሩ የቴሌግራም ግሩፕ ነበረን፤ ከጎኑ ሌላ ግሩፕ ተከፈተ። በዋናው ግሩፕ «አሜን» ይባላል፣ በሁለተኛው ሐሜት ይጻፋል። እኔ ሁለቱም ውስጥ ነበርኩ። ዝም ብዬ አነብ ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ይቆጨኛል።

የካቲት 12 ሲቃረብ ጋሼ የቀሪዎችን ዝርዝር አዘጋጂ አሉኝ። ማታ ልጆቼን አስተኝቼ መዝገቡን ገለጥኩ። አረንጓዴ ልባስ ያለው ትልቅ መዝገብ ነው። ስም፣ መዋጮ፣ ቀሪ፣ ቅጣት የሚሉ አራት ዓምዶች አሉት። ከእትዬ ስም ትይዩ ሦስት የኤክስ ምልክት አለ። ወደ ኋላ ገለጥኩ። ማኅበሩ ከተመሠረተ ጀምሮ ከእነዚህ ሦስት በቀር አንድም ቀን አልቀረችም። አንድም ቅጣት የለባትም። ይሄን ሳይ ቆም አልኩ። የት ትቀመጥ እንደነበር ለማስታወስ ሞከርኩ። ተቀምጣ ትዝ አላለችኝም። ትዝ ያለኝ እጇ ነው። ውኃው በፈረቃ ስለሆነ ከበርሜል በጆግ እየቀዳች ብርጭቆ ስታለቀልቅ። ባዶ ሳህን ስታነሳ። ጠላ ይዛ ስትዞር፣ ማን እንደማይጠጣ አውቃ ለሹፌሩ ሳትጠይቀው ውኃ ስታስቀምጥ።

መዝገቡ ላይ ለዚህ ዓምድ የለም። ማን እንደመጣ እንጽፋለን፣ ማን እንደከፈለ እንጽፋለን፤ ማን እንዳጠበ አንጽፍም። እማማን ደረጃ ለደረጃ ደግፎ ያወረዳቸው ማን እንደሆነም አይጻፍም። እኩልነት ብዬ የጻፍኩት ደንብ የሚያየው አንድ ዓይነት ሰው ብቻ ነበር። የሚናገር፣ የሚደግስ፣ በሰዓቱ የሚደርስ።

በማግሥቱ እሑድ ነበር። ለኪዳን ጸሎት በሌሊት ስወጣ በእትዬ ወጥ ቤት መስኮት መብራት አየሁ። አንኳኳሁ። ከፈተችልኝ። ምንም ሳትጠይቀኝ ወደ ምጣዱ ተመለሰች፣ እኔም ተከትያት ገባሁ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምራ ነው የምትጋግረው፤ ማታ ማታ መብራቱ አቅም ስለሚያንሰው ሌሊት ይሻላታል። ምጣዱን በጎመን ዘር አሰሰችው። በጆግ ሊጡን ከጠርዙ ጀምራ እያዞረች ወደ መሃል አፈሰሰችው። ዓይኑ ፍጥጥ ፍጥጥ እያለ ሲወጣ ከደነችው። እንፋሎቱ መስኮቱን አለበሰው። በሰፌድ አወጣችና ሌላ አሰሰች። ይሄን ሁሉ ስታደርግ ቀና ብላ አላየችኝም። ያወራችኝም ለዚህ ይመስለኛል።

«ሰው አልጠላም» አለች። «ሰው ሁሉ ዓይን ዓይኔን ሲያየኝ ግን ሁሉ ነገር ይጠፋብኛል። ልጅ ሆኜም እንዲሁ ነኝ። ስቀዳ ደስ ይለኛል፣ ሳጥብ ደስ ይለኛል። ጋሼ ‹ተነሺና የተሰማሽን ተናገሪ› ሲሉኝ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጣለሁ።»

ሊጥ አፈሰሰች። ከደነች።

«የዛሬ ሁለት ዓመት ተራዬ ሲደርስ ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አልነበረኝም። እንደ ምንም አሳለፍኩት። እናንተ ስትወጡ ደረጃው ላይ ‹ፊቷን ያኮማተረችው ሰው መጣብኝ ብላ ነው› ስትባባሉ ሰማሁ። በሩ ገና አልተዘጋም ነበር።»

ያን ያለችው ማን እንደሆነች አውቃለሁ። አጠገቧ ነበርኩ። «ተይ እንዲህ አትበይ» አላልኩም። ለእትዬ ይሄንኑ ነገርኳትና ይቅርታ ጠየቅኳት። «አውቃለሁ፣ ድምፅሽን አልሰማሁም» አለችኝ። ስወጣ ሦስት ትኩስ እንጀራ አጥፋ በፌስታል ሰጠችኝ። «ለልጆቹ» አለች።

የካቲት 12 ደረሰ። ሁሉም መጣ። ከቅዳሴ በኋላ በቆርቆሮው አዳራሽ ተሰበሰብን። እትዬም መጣች፣ በር አጠገብ ተቀመጠች። የማኅበሩን ነገር የሰሙት የነፍስ አባታችን ወቀሳ አላመጡም። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን አነበቡልን። የመጀመሪያዪቱ ቤተ ክርስቲያን ጉርምርምታ የተነሳው በማዕድ ላይ ነበር። ግሪክኛ የሚናገሩት መበለቶች በየዕለቱ በሚታደለው ምግብ ተዘነጉ ተብሎ። «ሐዋርያቱ ያጉረመረሙትን ውጡ አላሏቸውም» አሉ አባታችን። «ዝም በሉም አላሏቸውም። ሰባት ሰው አስመርጠው ማዕዱን እንደ አዲስ አደራጁት። እስጢፋኖስ የተመረጠው ያኔ ነው።» ከዚያ ወደ ጋሼ ዞረው «ቅዳሴ በስንት ልዑክ ነው?» አሏቸው። «በአምስት፤ ሁለት ካህን፣ ሦስት ዲያቆን» አሉ ጋሼ። «መብራት ይዞ የሚቆመው ልጅ ዜማውን አልመራም ተብሎ ይቀጣል?» ጋሼ ፈገግ አሉ። ከጥቅምት ወዲህ ሲስቁ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው።

እትዬ ከነገረችኝ አንዷን ነገር ብቻ እንድናገር ነበር የፈቀደችልኝ፤ በሰው ፊት መናገር እንደሚከብዳት። እሷን ከማንሳቴ በፊት ግን መዝገቡን ይዤ ተነሳሁና አንድ ጥያቄ ጠየቅኩ። «ባለፈው ማኅበር ላይ ብርጭቆውን ያጠበ ማነው?» ዝምታ። «ዱካውን ከየቤቱ ለቅሞ አራተኛ ፎቅ ያወጣውስ?» ዝምታ። ከዚያ እማማ በኦሮምኛና በአማርኛ እየቀላቀሉ መናገር ጀመሩ። በየወሩ ደረጃውን ደግፎ የሚያወርዳቸው፣ እስከ ቤታቸውም የሚሸኛቸው ያ አርፋጁ ሹፌር ነው። እኛ ቤታችን ገብተን ሻይ ስንጠጣ እሱ በጭቃ ውስጥ ሴትዮዋን ደግፎ ይሄዳል። ይሄን ከአዳራሹ ውስጥ የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የሰዉ አፍ ተፈታ። የጉዳዩ እምብርት ለእኔ ይሄ ሰዓት ነው። ሹፌሩ የሚያረፍደው የማታው ሥራ የቀኑን ገቢ ስለሚሸፍንለት ነው። ጠላ የማይጠጣው ተመልሶ መሪ ስለሚይዝ ነው፤ «ጽዋውን ናቀ» ሲባል እየሰማ ዝም ብሏል። ግን እሱም ቅሬታ ነበረው። «በ1965 ዓ.ም በወጣው የቤተ ክርስቲያን ደንብ፣ በቃለ ዓዋዲ፣ የሚመራው ሰበካ ጉባኤ እንኳን ካህናቱን፣ ምእመናኑንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችን አንድ ላይ ያስቀምጣል። እዚህ ግን እኛ ዱካ ተሸካሚ ነን» አለ። እውነቱን ነበር።

ነጋዴው ድግሱ ይቀነስ ሲባል ተቆጣ። «እጄን አትሰሩኝ!» አለ። ሲረጋጋ ግን አንድ ነገር ነገረን። ልጅ እያለ እናቱ ማኅበር ደግሳ ዳቦው ጎደለባት። እንግዶቹ ሲሄዱ ጓዳ ገብታ ስታለቅስ አያት። «ከዚያ ወዲህ በእኔ ቤት ምግብ አይጎድልም ብያለሁ» አለ። ታይታ ያልነው ልግስና የአንድ ሕፃን ልጅ መሐላ ነበር።

ጋሼ መጨረሻ ላይ ነው የተናገሩት። ልደታ እያሉ የነበራቸው ማኅበር ሰፈሩ ፈርሶ ሰው በየአቅጣጫው ሲበተን አብሮ ተበተነ። ጽዋው ዛሬ ማን ዘንድ እንዳለ አያውቁም። «ደንብ የማጠብቀው እንዳልበተን ነው» አሉ። ድምፃቸው ተሰበረ። ስንት ወር «ግትር» ስንላቸው የነበረው ሰው ከሁላችን በላይ የሚፈሩት ማኅበሩን ማጣት ነበር።

እኔ ከዚያ ቀን የያዝኩት ይሄ ነው። እስከዚያ ድረስ አንድነት ስንል አንድ ዓይነትነት ማለታችን ነበር። ሁሉም አንድ ዓይነት ድግስ፣ አንድ ዓይነት ንግግር፣ አንድ ዓይነት ሰዓት። ያ ደግሞ ከመካከላችን አንዳንዱን ሰው በየወሩ ትንሽ ትንሽ እየገፋ ወደ በሩ ያስጠጋው ነበር። እትዬ ቀድማ በሩ ላይ ደረሰች እንጂ መንገዱ ላይ ብዙ ሰው ነበር። ሌላ ማኅበር ውስጥ ያላችሁ ብትሆኑ ሰው ሲቀር ቅጣቱን ከማስላት በፊት ሲመጣ ምን ይሠራ እንደነበር ጠይቁ እላለሁ።

ደንቡን የዚያኑ ዕለት አልጨረስነውም። ሁለት እሑድ ወሰደ። ዋናው ለውጥ ጥንድ ነው። 24ታችን 12 ጥንድ ሆንን። ስለዚህ ተራ በዓመት አንዴ ይደርሳል፣ ግን ለሁለት ነው። አንዱ ሰው ማስተናገድ የሚችል፣ ሌላው ሥራው የሚሆንለት እንዲሆን ሞከርን። ቤቱ አራተኛ ፎቅ የሆነ ወይም በቤቱ ሰው ማብዛት የማይችል ሰው በብሎኩ ኮሚናል (የጋራ መገልገያ ቤት) ወይም በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ መደገስ ይችላል። መናገር ግዴታ መሆኑ ቀረ፤ የሚናገር ካለ ይናገራል፣ ካልሆነ «አባታችን ሆይ» ተብሎ ጽዋው ይተላለፋል። ምግቡ ወደ ድሮው ተመለሰ። ለነጋዴው ደግሞ ሰፊ በር ከፈትንለት። በኅዳርና በሰኔ ለነዳያን የሚወጣውን ማዕድ እሱ እንዲያስተባብር ሰጠነው። እዚያ ላይ እጁን የሚይዘው የለም። ቅጣቱን ጋሼ እንዲቀር አልፈለጉም፣ እኛም አልተከራከርንም። የሚያሳውቅ ሰው ግን አይቀጣም። መዝገቡ ላይ አምስተኛ ዓምድ ጨመርኩ። «አገልግሎት» ይላል። እዚያ ላይ የሠራው ሰው ራሱን አያስጽፍም፤ ያየው ሰው ነው የሚያስጽፍለት።

የመጀመሪያው በአዲሱ ደንብ የተጠጣው ማኅበር መጋቢት 12 ነው። ዐቢይ ጾም መሆኑ ረዳን። በጾም ዶሮ ይቅረብ የሚል ስለማይኖር ሽሮና ቆሎ ሲቀርብ ማንም አላፈረም።

ሁሉም አልተሳካም፣ ይሄንንም መጻፍ አለብኝ። ሁለት አባላት ወጥተዋል። አንደኛዋ «ማኅበር ማለት ቤትሽን ከፍተሽ እንግዳ መቀበል ነው፤ አዳራሽ ውስጥ ከሆነ ስብሰባ ነው» አለች። ሐሳቧን አልንቀውም። ቤት ውስጥ የሚጠጣ ጽዋ የራሱ ሞገስ አለው። ቤቷ ሄጄ ለመንኳት፣ አልተመለሰችም፤ እስካሁን በዓል ሲሆን ዳቦ እንላላካለን። በእነሱ ቦታ ሌሎች ሁለት ገቡ። ጋሼንና ሹፌሩን ማጣመራችንም ስህተት ነበር። እርስ በርስ ይማማራሉ ብለን ነው፤ ሚያዝያ ላይ ግን በሰዓት ጉዳይ ተጣሉና ሁለቱንም አለያየናቸው። ልዩነት ያለው ሰው ሁሉ መጣመር የለበትም። አንዳንዱ ሰው ሦስት ሰው መሃል ሲቀመጥ ነው የሚዋደደው።

የቋንቋው ነገርም ገና ነው። አሁን መዝጊያ ጸሎቱን እማማ በኦሮምኛ «አባ ኬኛ» ብለው ይመሩታል፣ የቻለ ይከተላል። ስብሰባው፣ መዝገቡ፣ ግሩፑ ግን አሁንም በአማርኛ ብቻ ነው። እሳቸው አላማረሩም። አለማማረራቸውን እንደ መስማማት መቁጠር እንደሌለብኝ ግን ከእትዬ ተምሬያለሁ። አንድ ቀን ቁጭ ብዬ መጠየቅ አለብኝ።

ሰኔ 12 የእትዬና የነጋዴው ተራ ነበር። በአዳራሹ አደረጉት። ዝናብ ነበር፣ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ አንዳንዴ ጸሎቱም አይሰማም። እትዬ ከጓዳ አልወጣችም፤ እንጀራው፣ ምስሩ፣ ሽሮው ሁሉ የእሷ እጅ ነው። ነጋዴው በሩ ላይ ቆሞ የመጣውን ሁሉ እያቀፈ ያስገባል፣ እርጥብ ጃንጥላ ይቀበላል፣ ያስቀምጣል። ከመኪናው አምስት ሳጥን ለስላሳ ሲያወርድ እትዬ በጓዳው በር ብቅ አለች። እጇ ሊጥ ነው። ምንም አላለችም፤ በጣቷ ሳጥኖቹን አሳየችው፣ ከዚያ አንድ ጣት አነሳች። አራቱን መልሶ መኪናው ላይ ጫነ።

ሲያልቅ ጽዋውን ለሐምሌ ተረኞች ማስረከብ ነበረባቸው። ነጋዴው ሊናገር አፉን ከፍቶ ወደ እሷ አየና ተወው። እትዬ ጽዋውን በነጠላው እንደተሸፈነ በሁለት እጇ ያዘችው። አቋርጣ ሄዳ ለእማማ ሰጠቻቸው፤ የሐምሌው ተራ የእሳቸው ነው። ለመቀበል ሊነሱ ሲሉ ጉልበታቸው እምቢ አላቸው። እትዬ በርከክ አለችላቸው። እልልታውን የጀመሩት እማማ ራሳቸው ናቸው።

በዚያ ቀን መዝገቡ አምስተኛው ዓምድ ላይ የተጻፉት ስሞች አሥራ ሰባት ናቸው። ሁለተኛውን ያስጻፈችው እትዬ ነች። የመኪናውን ሳጥን ማን እንደመለሰ ነገረችኝ።